የመይሙና የዳጉሳ ጉድጓድ

ከአሰበ ተፈሪ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ ጫት ሲለብስ፣ መይሙና ከጓሮዋ አንዲት ቁራሽ መሬት ለዳጉሳ ካላስቀረሁ ብላ ድርቅ አለች። አገሩ ሳቀባት። የሳቂዎቹ አለቃ ባሏ ዓሊዩ ነበር፤ «የወፍ ቀለብ» ይለዋል፣ ገንፎው ሲቀርብ ግን ሳህኑን ይጠርጋል። እሷ ግን አራት ጊዜ የታረሰችው በዳጉሳ አጥሚት ነው፤ ልጆቿም በእሱ ጠንተው አድገዋል። ነቀዝ የማይደፍረው እህል ስለሆነ የተረፋትን በየዓመቱ ጉድጓድ ውስጥ ትደፍናለች።

በሰባ ሰባት ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፣ ጫቱም ገዢ አጣ። የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጇ ዚያዳ እግሯ አበጠ፣ ፀጉሯ ቀላ። 

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል «ጉድጓዱ ይከፈት» አለች መይሙና።

የተደፈነ ጉድጓድ ተከፍቶ ያድራል፤ ክፉ ትንፋሹ ይወጣል። በማግስቱ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፣ ካልጠፋ ሰው ይገባል። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር ሰው የለም። ግን በራብ ዘመን ማን ነው የእህል ጉድጓድ ከፍቶ የሚያድር?

«አንድ ቀን ብቻ ይተንፍስ» አለች መይሙና።

«አገር ዘርፎት ሊያድር? ደሞ ልጅቷ ለነገ ትደርሳለች?» አለ ዓሊዩ።

መይሙና ዚያዳን አየችና ዝም አለች። ለዚያ ዝምታዋ ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጉድጓድ ላይ የቸኮለ ግን መልቀሚያ ጊዜም የለው።

ጎህ ሲቀድ የጉድጓዱን መክደኛ ድንጋይ አነሱ። የቦካ ሊጥ የመሰለ ሞቃት ሽታ ፊታቸውን መታው። ዓሊዩ ሽርጡን አጠበቀ፣ ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ወረደ። አንድ ቅርጫት ሞልቶ ላከላት። ቅርጫቱን መልሳ ሰደደችለትና ጠበቀች። ስትስበው ባዶውን መጣ። ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ከዚያ ጩኸቷን አቀለጠችው።

ጎረቤት ተሯሩጦ በገመዱ ጎትቶ ሲያወጣው ትንፋሽ አልነበረውም።

ወንዶቹ ለመቃብሩ ሲሯሯጡ፣ መይሙና የመጣላትን አንድ ቅርጫት ይዛ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ተንበረከከች።

«ኧረ መይሙና! ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«የወረደው ለዚያዳ ነው» አለች፣ መጁን ሳትለቅ። «እሷም ከሞተችብኝ እሱን በምን አፌ አለቅሰዋለሁ?»