ተራራ ታቅፌ ወደ ደጎሎ

ተራራ ታቅፋችሁ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ጉልበታችሁ ላይ ገደል፣ ክንዳችሁ ሥር ወንዝ፣ አገጫችሁ ሥር ደግሞ የመስጊድ ሚናራ ይዛችሁ፣ ረዳቱ «ጠጋ በል» ባለ ቁጥር «ኧረ ዛፌን!» ብላችሁ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ደርሶብኛል። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ሐሙስ፣ ንጋት፣ መካነ ሰላም

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አንድ ሻይ የሚያፈላ ልጅ ከሰሉን ያራግባል፤ ረዳቶቹ «አቀስታ! ደሴ!» ይላሉ። እኔ በብርድ ልብስ የተሸፈነ የቁም ሳጥን በር ታቅፌ ቆሜያለሁ።

በሩ ላይ ያለችው መካነ ሰላም ናት። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የከፍታ መስመር ለተማሪዎቼ በሰሌዳ አልገባ ቢላቸው፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም በቢላዋ እየቀረጽኩ ተራራ ሠራሁላቸው። ከዚያ መተው አቃተኝ። በፎሙ ላይ በዱቄት ሙጫ የተነከረ ጋዜጣ ደራረብኩ፤ ሲደርቅ በሻይ ማጥለያ የተነፋ አፈር በተንኩበት። አረንጓዴ የቀባሁት ሰጋቱራ ሣር ሆነ። ከደጋ ያመጣሁት የአስታ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ፣ ስንዝር ያህሉ ሲቆረጥ ራሱን የቻለ ዛፍ ነው። በመጨረሻም በባትሪ የሚሄድ መጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱ ዙሪያውን አስገባሁ። መካነ ሰላም ባቡር እንደሌለ አውቃለሁ። ባቡሩን የላከልኝ ጅዳ የሚኖረው የዘሃራ ወንድም ነው።

ዘሃራ ማናት? ደሴ ኮሌጅ አብረን ተምረናል። አሁን እሷ ደጎሎ ታስተምራለች። ላገባት ሽማግሌ ልኬ ሁለት ጊዜ ያለ መልስ ተመልሰዋል። አባቷ ሸህ ሙሄ እምቢ አላሉም። «ልጁን አልጠላሁትም፤ ሀገሩን ግን አላውቀውም» ነው ያሉት። ጉልበታቸው ታሞ መንገድ አይችሉም። በመጨረሻ «ልጁ ራሱ ይምጣና ስለ ሀገሩ ይንገረኝ» ብለው ላኩ። ከመንገር ማሳየት ይበልጣል ብዬ፣ ይኸው።

«ላይ ይጫን» አለ ረዳቱ።

«ነፋስ ይወስደዋል።»

«ምንድን ነውና?»

«ተራራ ነው።»

«ተራራ ነፋስ አይወስደውም፣ መምህር!»

የሁለት ሰው ከፍዬ ጋቢና ጀርባ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ይሄ እኮ መካነ ሰላም ናት» አለ። «አንተ ይዘሃት ከሄድክ እኛ ማታ የት ልንገባ ነው?»

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ አቀስታ

መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የተከመረ ጭድ፣ ጀሪካን የተጫኑ አህዮች፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ገደል። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች አቀስታ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የሚሄዱ እናት ናቸው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ብዙ አዩ።

«ቤተ ክርስቲያኗ ይቺ ናት?»

«አዎ እትዬ።»

«ዛፏ የታል? አሁን ይቺ ራሷን የተላጨች አትመስልም?»

እውነታቸውን ነው። የአስታው ቅርንጫፍ አልቆብኝ ትቼው ነበር። አቀስታ ስንደርስ ሁሉም ለቁርስ ወረደ። እኔም ፓስቲ በሻይ ከበላሁ በኋላ ገበያ ዳር ከተቀመጠች ሴት አንድ እስር ጦስኝ ገዛሁ። የደረቀ ጦስኝ ግንዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ያረጀ ወይራ ይመስላል። እትዬ ዘነበች እየቆረጡ ሰጡኝ፣ እኔ በመርፌ ፎሙን እየወጋሁ ተከልኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ደን ውስጥ ገባች፤ ሚኒባሱም እንደ ሻይ ቤት ሸተተ።

«አሁን ሰው ይሳለማታል» አሉ ሲሰናበቱኝ፤ ለምን እንደምሄድ ነግሬያቸው ነበር። «በል፣ ልጅቷን ይስጡህ።»

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ ወረኢሉ

ከአቀስታ በኋላ ያለው ደጋ ሜዳ ነው፤ ጭጋግና በግ ብቻ። መገንጠያው ላይ መኪና ቀየርኩ። አዲሱ ሾፌር ጉድጓድ ሲያገኝ የሚፈጥን ዓይነት ነበር። ወረኢሉ ስንገባ ተራራዬ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ ሐዲዱም ከፍ ብሎ ተነስቷል።

የደጎሎው መኪና እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረኝ መናኸሪያው ጎን ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ባለ ሻይ ቤቱ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ሰጠኝ፤ ስንጥቁን ሞላሁና አፈር ነሰነስኩበት፤ ሐዲዱንም ወደ ቦታው መለስኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስንጥቁ ሲጠገን ካልነበረበት ጊዜ ይልቅ ተራራ መሰለ። ተራራ ድሮም ስንጥቅ አለው።

ከዚያ ፎቶ አነሳሁት። ለማንሳት የምትፈልጉ ካላችሁ ምስጢሩ ይህ ነው። ስልኩን ዘቅዝቁት፤ ካሜራው ታች ይሁንና መሬቱን ይንካ። ከላይ ሆናችሁ ካነሳችሁ መጫወቻ ነው፤ መንገዱ ላይ ከቆመ ሰው ዓይን ካነሳችሁ ግን ሀገር ነው። ፀሐይዋ በጎን ትምጣ። ከጀርባው ግድግዳ አይግባ፣ እውነተኛው ሰማይ ይግባ።

ባቡሩ ከተራራው ሥር ሲወጣ አነሳሁት። ባለ ሻይ ቤቱ ስልኬን ተቀብሎ አየና ዓይኑን አፈጠጠ።

«አንተየ! መካነ ሰላም ባቡር ገባ?»

«ይኸው እኮ ነው፣ ፊትህ ያለው።»

መሬት ያለውን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። «ወላሂ አታታልለኝ። ይሄ ሌላ ነው።»

እኔም ኮራሁ። ፎቶው ንጹሕ ነበር፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ መንገዱ ባዶ፣ አንድም የሚያበላሸው ነገር የለ።

አርብ፣ ደጎሎ

ማታውን አንድ ማደሪያ አድሬ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ሸህ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ደጎሎ ሜዳ ናት። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ቀርቷል፤ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ተራራውን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «የተጠራኸው አንተ ብቻ ነህ እኮ።»

«አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ለእኔ ደህና ናቸው። ለአንተ እንጃ። አብሽር።»

ሸህ ሙሄ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጢም፣ አጠገባቸው ከዘራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲያቀሩ ስለኖሩ ቀና ብለው ሲያዩ ትምህርቱን ያላጠና ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። እጃቸውን ሳምኩ። በሩን ፊታቸው አጋደምኩና ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ።

«ማሻአላህ» አሉ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጀመርኩ። ይህ ከፍታው፣ ይህ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ፣ ይህ ትምህርት ቤቱ፣ ይህ መስጊዱ፣ ይህ ጤና ጣቢያው፣ ይህ የተከራየሁት ቤት።

«ፈተና አለው እንዴ?» አለች ዘሃራ ከጓዳው በር።

ሸሁ ከዘራቸውን ወደ ሐዲዱ አሻገሩ። «ባቡር አላችሁ?»

«የለንም፣ ሸህ። ይህ ልጅዎ ከጅዳ የላከው መጫወቻ ነው።»

«እንግዲያውስ እሱን አንሳውና ያለውን አሳየኝ።»

አነሳሁ። ጎንበስ ብለው ሣሩን ነኩ።

«ዓመቱን ሙሉ መስከረም ነው ሀገራችሁ?»

«አይደለም። ሰኔ ጭቃ ነው። እዚህ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል።»

«እህ። ይሄን አላሳየኸኝም።» ከዘራቸው ከቤቴ ወደ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ ወደ ውሃ ቦኖው፣ ከቦኖው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቆመ። «ሰዎቹስ የት ሄዱ?»

«ሰው አላደረግኩበትም፣ ሸህ። በፎቶ ላይ እንጨት ሆኖ ይታያል። ደግሞም... የሰው ምስል አይወዱ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቆየም።

«ታላቅ እህቷን ላላየሁት ሀገር ነው የሰጠኋት» አሉ። «ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግቢው ያምራል ብለው ነገሩኝ። አልዋሹም። ግን ሳምንት ሙሉ ታማ ስትተኛ በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ባሏ መንገድ ላይ ነበር። ተርፋለች፣ አልሃምዱሊላህ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።» እጃቸውን በተራራዬ ላይ ዘረጉ። «ሥራህ ያምራል። ሰው የሌለበት ሀገር ግን ለፎቶ እንጂ ለኑሮ አይሆንም።»

እስክሪብቶዬን ኪሴ ልከት ስል መሬት ወደቀ።

«አንተ!» አለች ዘሃራ፤ በሩን አልፋ ገባች። «ሰው የለህም እንዴ? በስልክ ስታወራኝ እትዬ አበበች እንዲህ አሉ፣ ጋሽ ይማም እንዲህ አሉ እያልክ ጆሮዬን የምታደነቁረው ስለ ማን ነው? ንገራቸው እንጂ!»

ነገርኳቸው። አከራዬ እትዬ አበበች ናቸው። ክረምት ላይ ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ያመጡ ነበር። ሁለት እጃቸው ድስቱን ስለያዘ በሩን የሚያንኳኩት በእግራቸው ነው፤ የበሩ ግርጌ ቀለሙ ለቋል። ጋሽ ይማም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ደጃፋችን ላይ አስቀምጠው «ወዴት ነው?» ሳይሉ ማንንም አያሳልፉም። አንድ ቀን ሳልወጣ ብውል መስኮቴን ያንኳኩታል።

«ሴትዮዋ ዛሬም ያንኳኳሉ?» አሉ ሸሁ።

«ዛሬም ቁልፌ እሳቸው ዘንድ ነው።»

«ደውልላቸው።»

ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሰላም እስክል አልጠበቁኝም።

«አንተ ልጅ፣ ደረስክ? ምሳ በላህ? ብርድ ልብሱን ይዘኸዋል? አባትየው ሰጡህ ወይስ አልሰጡህም?»

ዘሃራ አፏን በሻሿ ያዘች። ሸሁ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ገና እያየሁት ነው» አሉ።

«ውይ! ሸሁ ነዎት? አፉ በሉኝ!» ከዚያ የእትዬ አበበች ድምፅ ለስለስ አለ። «እንግዲህ ከሰሙኝ አይቀር ልናገረው። እኔ ሴት ልጅ የለኝም። ሦስቱም ወንዶች ናቸው፣ አንዱም አይደውልልኝ። ልጅዎን ይላኩልኝ። ስትታመም ከእናቷ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ቅርብ ነኛ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሸህ ሙሄ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ «ክብሪት አምጪ» አሉ ዘሃራን።

ከሰዓቱን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰው ስንሠራ ዋልን። የዘሃራ እናት ባለቀለም ክርና የስንዴ ሊጥ አመጡ። የክብሪት እንጨቱ ቁመት ነው፣ ክሩ ልብስ፣ ሊጡ ራስ። «ፊት አታብጁላቸው» አሉ ሸሁ። «ፊት የአላህ ሥራ ነው። ቁመታቸው ይበቃናል።» እትዬ አበበችን በቤቴ በር ላይ ከነድስታቸው አቆምናቸው። ጋሽ ይማምን ደጃፍ፣ ሴቶቹን ቦኖው ጋ በሰልፍ፣ ተማሪዎቼን ቁልቁለቱ ላይ። እናቷ እየሳቁ አንዱን ተማሪ አንሸራትተው ጣሉት። «ሰኔ ነው» አሉ።

«በል አሁን ባቡሩንም መልሰው» አሉ ሸሁ። «ልጄ የላከው አይደል።»

ስልኬን ዘቅዝቄ መሬት ሳስነካ አዩኝ። «ለምን እንዲያ ታደርጋለህ?» አስረዳኋቸው። ከዘራቸውን አስቀመጡ፤ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቀስ ብለው፣ በእኔና በዘሃራ ትከሻ ተደግፈው፣ ጉንጫቸው ምንጣፉን እስኪነካ በጎናቸው ተኙ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመንደራችን መንገድ ውስጥ ብዙ አዩ። ባቡሩ ከሰዎቹ ጀርባ አንዴ ዞሮ መጣ።

«ዘሃራ የትኛዋ ናት?» አሉ እንደተኙ።

እሷን አልሠራናትም። ማናችን ደፍረን?

እጃቸውን ዘረጉ፤ ክብሪት ሰጠኋቸው። ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ነጭ ክር መዘው ጠመጠሙላት። ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ መዳፌን ዘርግቼ ነበር። እሳቸው ግን ለዘሃራ ሰጧት።

«የት እንደምትቆሚ አንቺ ምረጪ።»

ዘሃራ ትንሽ አሰበች። እኔ ዓይኔ በቤቴ በር ላይ ነበር። እሷ ግን ወደ ቦኖው ሄደች፤ ከሴቶቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ አቆመቻት።

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ተራዬን እጠብቃለሁ። ወሬም እሰማለሁ።»

ሸህ ሙሄ እንደተኙ ሳቁ፤ ጢማቸው ምንጣፉ ላይ ተንቀጠቀጠ። «ሽማግሌዎችህን ላክ፣ ልጄ» አሉ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ እሳቸው ዱአ አደረጉ፣ እኛ አሚን አልን። ፎቶውን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቹ በእርግጥ እንጨት ሆነው ወጥተዋል፤ አንዷም ትንሽ ዘማለች። ጅዳ ላለው ልጃቸው የላክነው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ፣ መካነ ሰላም

ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሩ ደጎሎ ቀርቷል፤ ሸሁ ሠርጉ እስኪደርስ አልሰጥም አሉ። ዘሃራ ከዚያ ወዲህ ደውላ እንደነገረችኝ በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ቡና ለምታመጣላቸው ልጅ ሁሉ «ይቺ አበበች ናት» እያሉ ያሳያሉ።

እናንተም ሞክሩት። እናታችሁ ያላዩት ቤት፣ አባታችሁ ያልረገጡት ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ አንድ አሮጌ በር፣ የቴሌቪዥን ፎምና የዱቄት ሙጫ ፈልጉ። ሣሩና ተራራው ቢቆይ ግድ የለም። መጀመሪያ በራችሁን የሚያንኳኳውን ሰው አቁሙ። ከዚያ ስልካችሁን ዘቅዝቃችሁ አንሱና ላኩላቸው።