የከሰዓቱ ዜማና የጥሩዬ ለቅሶ

በቡሬና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ሰው ሲሞት ከገናዡ ቀጥሎ የሚፈለገው የጥሩዬ ድምፅ ነበር። ሙሾ አውራጅ ናት። ከለቅሶው መካከል ቆማ ሟቹን በስሙ፣ በእርሻው፣ በጠመዳቸው በሬዎች እየጠራች ስታወርድ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ባላንጣ እንኳ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ይስብ ነበር። ሙያውን ከእናቷ ስትወርስ ሥርዓቱንም አብራ ወርሳለች። ከሥርዓቱ ሁሉ የማይጣሰው አንድ ነው፤ መርዶ ሳይነገር አይለቀስም። ሞቱ ያልተረጋገጠን ሰው ማልቀስ በቁሙ መቅበር ነውና።

አንድ ልጇ ወንዳወቅ ወደ ሰሜኑ ግንባር ዘምቶ ድምፁ ጠፋ። ጦርነቱ አበቃ፤ ከዘመቱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። ሚስቱ ፀደይ ከአማቷ ጋር ቀረች። ፀደይ ገና ልጅ ናት፤ ማንኩሳ ያሉት ወላጆቿ ሊወስዷት ደጋግመው ልከዋል። እዚያ ቤት ያቆያት ሁለቱ ሴቶች ማታና ጧት የሚባባሉት «አለ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። ስለዚህ ጥሩዬ ለሰው ልጅ ሙሾ ስታወርድ ትውልና የራሷን ደጅ ስትረግጥ አፏን ትዘጋለች።

የጓሮዋን ክፍል የተከራየው ሞሃን የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሶ ፀሐይ ስታጋድል እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንገተ ረጅም ባለ አራት ክር መሣሪያ አስደግፎ ክሮቹን በተራ እየነካ ያለ ቃል፣ በረጅሙ፣ ማዜም ይጀምራል።

«ጥሩ! ተከራይሽን ጥርሱን አሞታል መሰል» አለች ጎረቤቷ ሸጋዬ በአጥር ላይ ብቅ ብላ። «ኧረ ቅርንፉድ ስጪው!»

ጥሩዬ አልሳቀችም። ጆሮዋ የሙያተኛ ጆሮ ነው። ሰውዬው ድምፁን ሲያወጣ ሁለት እርከኖችን ይዘልላል፤ ሲያወርድ ግን የዘለላቸውን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይመለሳል፤ መካከለኛዋ ድምፅ ላይ ጥቂት አርፎ እንደገና ይነሣል። እሷ በምታውቀው ዓለም እንዲህ የሚወርድ ዜማ ለቅሶ ብቻ ነው። በሰማችው ቁጥር ሥራዋን ጥላ ወደ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ቀን ደጁ ቆማ፣ «መምህር፣ እባክዎ ይህን ዜማ ጧት ያድርጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ አልችለውም» አለችው።

«ጧት አይሆንም» አለ ሞሃን፣ አማርኛውን እየፈለገ። «ይህ ቢምፓላሲ ይባላል። ለከሰዓት በኋላ የተሰጠ ነው። ለጧት ሌላ አለ፤ ለማታም ሌላ አለ።»

«ጧት ቢያዜሙት ማን ይቀጣዎታል?»

«አስተማሪዬ።»

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል። ግን ይሰማል።»

የመርዶን ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው የሰዓትን ሥርዓት የሚጠብቀውን ምን ብሎ ይነቅፋል? ጥሩዬ እጅ ነሥታ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ፀደይ ወጥታ ጥሩዬ ብቻዋን ጥጥ ትፈትል ነበር። ሞሃን ጀመረ። ዜማው ወጣ፤ መውረድ ሲጀምር እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ፤ አፏም ሳታዝዘው ተከፈተ።

«ለሰው ሬሳ ሁሉ ድምፄን አበደርኩት፣
ወንዳወቅ ልጄን ግን በዝምታ ቀበርኩት።»

ከሁለት ስንኝ በላይ አልወጣትም፤ አፏን በመዳፏ ከደነች። ሸጋዬ ግን ሰምታለች። ሙሾ አውራጇ የልጇን ስም ካወረደች መርዶው ደርሷታል ማለት ነው። ሸጋዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ወይኔ ወንዳወቅ!» ብላ ጮኸች፤ መንደሩም ተከትሏት ግቢውን ሞላው።

«መርዶ አልመጣም! ዝም በሉ፣ አልመጣም!» አለች ጥሩዬ።

«ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ ሴቶቹ፣ ክንዷን ግራና ቀኝ እየያዙ።

ፀደይ ከገበያ ስትመለስ በር ላይ የቆመውን ሰው አየች። እየገፋች ገብታ አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እሜቴ፣ ማን ነገረዎ?»

«ማንም።»

ፀደይ ይህን እሷን ከሐዘን ለማዳን የተባለ አድርጋ ወሰደችው። በማግስቱ ፀጉሯን በገዛ እጇ ተላጨች። ድንኳን ተተከለ። ሞሃን ጫማውን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባና ጎንበስ ብሎ «ዜማው ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አይደለም መምህር። አፌ ነው» አለችው።

እሱም ዳግም በዚያ ግቢ አላዜመም፤ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አርባው ሲወጣ የፀደይ አባት በቅሎ ይዞ መጣ። ጥሩዬ «ቆዪ» ለማለት የምትመካበት ቃል አልቀራትም፤ «አለ» የሚለውን ራሷ አጥፍታዋለች። ሰርግ በሚበዛበት በተከታዩ ጥር ፀደይ ማንኩሳ ውስጥ ለሌላ ሰው ተዳረች።

መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊነጋጋ ሲል የቀበሌ ሰዎችና ሽማግሌዎች ከዘመቱት መካከል ሟች ወዳለበት ቤት ሁሉ እየገቡ ተናገሩ፤ ጩኸቱም ከደጅ ደጅ ተላለፈ። ከጥሩዬ ደጅ ሲደርሱ አንዱ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው፣

«እንግዲህ አንቺ ቀድመሽ ያወቅሽው ነው፤ እግዜር ያጥናሽ» አሏትና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ሸጋዬ እስከ በሩ መጥታ ቆመች። «ጥሩዬ እቴ፣ አንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም፤ ሌላ ሞት ይጠራል» ብላ ተመለሰች። ከጎረቤቶቿም የገባ የለም። እነሱም የየራሳቸው ሟች ነበራቸው።

ጥሩዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከግቢዋ መካከል ቆመች፤ የመጀመሪያውንም ስንኝ አወረደች። አውራጅ ስታወርድ የከበቧት ሴቶች መቀበል አለባቸው፤ ያለ ተቀባይ ሙሾ የለም። ተቀባዮች ለመቀበል የሚወስድባቸውን ያህል ጠበቀች። ከአጥሩ ወዲያ የተቀበላት የለም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ራሷ ተቀበለችና ሁለተኛውን አወረደች።