ተረት ይዤ ወደ ሊያ

ሐሙስ

ከኑረንበርግ በጠዋቱ ባቡር ተነሣሁ። ጉዞዬ ፍራንክፈርት፣ የወንድሜ ልጅ ሰብለ ዘንድ ነው። ልጇ ሊያ አራት ዓመት ሊሞላት ተቃርቧል፤ የምትናገረው ግን ከአምስት ስድስት ቃል አያልፍም። ሰብለ በስልክ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቷት ይሆናል ብዬ አማርኛውን ተውኩት» ብላ አልቅሳብኛለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የትራም ሹፌር ነኝ፤ ሕክምና አላውቅም። ተረት ግን አላጣም።

ፍራንክፈርት ስደርስ በኤስባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሰብለ ወደምትኖርበት ኒድ ሰፈር ሄድኩ። ምሳ እንደበላን ሊያን አጠገቤ አስቀመጥኩና፣ «እስቲ እንቁራሪት በይ» አልኳት። ደግሜ፣ «በይ እንጂ!» ስላት ተንሸራታ ወርዳ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እስኪመሽ ዞር ብላ አላየችኝም። አፈርኩ።

ዓርብ

ሊያ ሮደልሃይም በሚባለው ሰፈር የሎጎፔዲ፣ የንግግር ሕክምና ማለት ነው፣ ቀጠሮ ስለነበራት ሦስታችንም በአውቶቡስ ሄድን። ባለሙያዋ ጀርመናዊት ሰብለን አዳምጣ፣ «በሚቀልልሽ ቋንቋ አውሪያት፤ አማርኛው አይጎዳትም» አለቻት። የሰብለን ዓይን እንባ ሞላው።

እኔም ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «‹በይ› አይበሏት። ተረቱን ሲነግሯት አንድ ቃል ይደጋግሙ፤ ከዚያ ቃሉ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ይጠብቁ። ዝም ብትልም ይቀጥሉ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ኒዳ ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቤቷ የጠፋባት እንቁራሪት ተረት ፈጠርኩ። «ዳክዬዋን ጠየቀቻት። ዳክዬዋ አላውቅም አለች። እንቁራሪቷም… ዘለለች!» እያልኩ በጣቴ የሊያ ጉልበት ላይ እዘላለሁ። ሦስተኛው ላይ «እንቁራሪቷም…» ብዬ ቆም አልኩ። ሰብለ ልትናገርላት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ሊያ ጣቴን ብቻ አየች። ቀጠልኩ። አምስተኛው ላይ ጣቴን አንሥቼ ስጠብቅ፣

«ለለች!» አለች።

«አዎ፣ ዘለለች!» አለች ሰብለ።

«ኖኽማል!» አለች ሊያ በጀርመንኛ፤ እንደገና ማለቷ ነው። ብርዱ እስኪያስነሣን ድረስ ደጋገምኩላት።

እሑድ

ኑረንበርግ ቤቴ ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ የሚናገረው ‹ተናገር› ሲባል ይመስለኝ ነበር። መጠበቅን የተማርኩት በሰባ ዓመቴ ነው። ሊያ ገና ብዙ ይቀራታል፤ ሕክምናውም ይቀጥላል።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ሰብለ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔ ተረት አላውቅም፤ ስለዚህ የተወለደችበትን ቀን በአማርኛ ነገርኳት። ዝናቡን፣ ታክሲውን፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ ‹ከዚያ ማን መጣች?› ብዬ ጠበቅኩ።»

«እሺ?»

«ደረቷን መታ አድርጋ፣ ‹እኔ› አለች።»