ፈረሶቼን ሸጣችሁብኝ ያለው ሰው

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ታላቅ ወንድሜ መኪና ይጠግናል፤ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ ሲያስፈልግም እጄን እስከ ክርኔ ሞተር ውስጥ እከታለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ስለ ሞተር የማውቀውን ያገኘሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ የመካኒክ መጽሐፍ ሲሆን መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዛሬም ሳስበው ደሜን የሚያፈላው አንድ ነጋዴ ነው። ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ አማርኛው እንደኛው የሆነ፣ ሰላም ሲወርድ አገሩ የተመለሰ ሰው። አፍንጫው እንደ ጀልባ የረዘመ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ነበረው። ወንድሜ ሞተሩን አውርዶ፣ ፒስተኖቹን ቀይሮ፣ ሦስት ወር ለፍቶ አስነሣለት። እሑድ ከሰዓት አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች አዲሱ አስፋልት ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሰውዬው በመጀመሪያው እሑድ ተሸነፈ። ሰኞ ጠዋት ግቢያችን ገባ፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

“ፈረሶቼ የት ናቸው? የመኪናው ወረቀት መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ይላል! የሞተሬን ዕቃ አውጥታችሁ ሸጣችሁብኛል። ሐራሚ! ሌባ!”

ወንድሜ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ሁለታችንም ጴንጤ ነን፤ የሱ እምነት ግን አፉን ያስዘጋዋል፣ የኔ አያስዘጋኝም።

“አለቃ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” አለ።

“ፖሊስም እንዲያውቅ አደርጋለሁ!”

ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌባ የተባለ መካኒክ ሙኑኪ ውስጥ ጎማ የሚያስነፋው እንኳ አያገኝም። የወንድሜ ዝምታ ከሰውዬው ስድብ እኩል አንገበገበኝ።

“ስማ አንተ ሰውዬ” አልኩት፣ “ፈረስ በጩኸት አይቆጠርም። እንለካዋለን።”

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ስሌት ነበር። መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ አራት መቶ ሜትር ሲጨርስ በሰዓት ስንት ማይል እንደሚሄድ ታነባለህ፤ ለሁለት መቶ ሠላሳ አራት ታካፍላለህ፤ የመጣውን ቁጥር ሦስት ቦታ ጽፈህ እርስ በርሱ ታባዛለህ፤ ከዚያ በክብደቱ በፓውንድ ታባዛዋለህ። የሞተሩ ጉልበት በግምት ይወጣልሃል።

ክብደቱን ጁባ የወንዝ ወደብ ላይ ባለው የጆንያ ሚዛን ለካነው። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ፣ ሦስቱን በሚዛኑ ቁመት በተነባበረ ጣውላ ላይ፣ እንዲህ እያልን አራቱንም በየተራ። ተሸካሚዎቹ “ሀበሻዋ መኪና በኪሎ ልትሸጥ ነው!” እያሉ ተንከተከቱ። ድምሩ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሆነ።

ከዚያ አዲሱ አስፋልት ላይ አራት መቶ ሜትር በገመድ ለካሁና ደብተሬን ይዤ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ነጋዴው ይነዳል፣ ወንድሜ አጠገቡ ሆኖ ፍጥነቱን ያነባል። መኪናው እያጓራ መጣና አለፈኝ።

“ሰባ አምስት!” አለ ወንድሜ በመስኮት።

እኔ ችኩሏ ኪሎውን ወደ ፓውንድ ቀይሬ እዚያው በሞባይሌ አሰላሁ። መቶ አሥራ ስድስት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

“ሰማችሁ?” አለ ነጋዴው እያጨበጨበ። “የገዛ እህቱ መሰከረችበት! ሠላሳ አራት ፈረስ የት ገባ?”

ወንድሜ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በገዛ አፌ ሌባ አደረግሁት ብዬ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ቀና ስል ግን ከመኪናው ሰው እየወረደ ነው። አንዱ ወረደ፣ ሌላው ወረደ፣ ወገቡን እያፍታታ ስድስተኛው ወረደ! ጁባ ውስጥ ባዶ ወንበር ይዞ መንዳት ነውር ነው፤ ነጋዴው ሊነሣ ሲል ያገኛቸው ጓደኞቹ ሁሉ ተሳፍረዋል። እኔ ያሰላሁት በባዶው መኪና ክብደት ነበር።

“እሑድ ዕለትስ ስንት ነበራችሁ?” ብዬ ጮህኩ።

“ሰባት!” አለ አንዱ ጓደኛው በኩራት። ነጋዴው በክርኑ ጎሰመው።

“ሁላችሁም ወደ ሚዛኑ!”

“እኔ ጆንያ ነኝ?” አለ ነጋዴው።

“ጆንያማ ሰው አይሳደብም። ውጣ!”

ወደቡ ተመልሰን ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ ወጡ፣ ወንድሜም ጭምር። ስድስቱ ሲደመሩ አራት መቶ ሃያ ኪሎ። እንደገና አሰላሁ፤ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። መቶ አርባ ሰባት! ወደቡ በሣቅ ተናወጠ። ነጋዴውም ሣቀ።

“ኻላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቀልድ ነበር” አለ።

ቀልድ! “ሌባ ያልከው ሙኑኪ ላይ ነው” አልኩት። “ጎረቤት ፊት ቆመህ አልሰረቀም በል።”

“አይ እህቴ፣ ታካብጃለሽ!” አለኝ። ሙኑኪ መጥቶም አልሰረቀም አላለም። ይባስ ብሎ ቁልፉን ለወንድሜ ወርውሮ፣ “ለመጪው እሑድ ካርቡሬተሩን አስተካክልልኝ” ብሎ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ሄደ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ወንድሜ መኪናውን ሳይነካ ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለው የሰውዬው ቤት ድረስ ወሰደው። ቁልፉን ለሚስቱ ሰጥቶ በእግሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የዚያን ሰው መኪና ሠርቶ አያውቅም።