ሲታጠፍ የማይገጥመው ምንጣፍ

የባላገር ጥለት ከልብ ይፈልቃል ይባላል። አይፈልቅም። ከቁጥር ነው የሚወጣው፤ ቁጥር ደግሞ ያደክማል። ዝናብ የመታው የሱፍ ሹራቤ በር ላይ ተሰቅሎ የእርጥብ በግ ጠጉር በሸተተኝ ቁጥር ሞላሌ አጠገብ ወደነበረው ቤታችን እመለሳለሁ፤ እዚያ ቤት ልብ ሲፈልቅ አላየሁም፣ አባቴ ሲቆጥር ግን ከጠዋት እስከ ማታ እሰማ ነበር።

በክረምት ጉሙ ከቤት ስለማያስወጣ እናቴ እሳት ዳር ተቀምጣ ጠጉር ትፈትል ነበር፤ አባቴም ከጎኗ ሆኖ በጋ የሚሠራውን ምንጣፍ አመዱ ላይ በጣቱ ይነድፍ ነበር። የሚነድፈው ሩቡን ብቻ ነው። «ሩቡን የያዘ ሙሉውን ይዟል፤ ሌላው ማጠፍ ነው» ይለኝ ነበር። በእኛ አገር ገዢውም የሚፈትነው በዚሁ ነበር፤ ምንጣፉን መኻል ለመኻል አጥፎ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ነጩ ከነጭ ከገጠመለት ይወስዳል፣ ካልገጠመ ሠሪው ወይ ሰክሯል ወይ ዓይኑን ታሟል ይባላል።

መንግሥት ከተለወጠ አምስት ዓመት ገደማ በሆነው ክረምት አባቴ አመዱ ላይ መንደፍ ተወ። ዓይኑን ሞራ እየሸፈነው እንደነበር የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ቢታወቅ ጠጉሩን አምኖ የሚሰጠው ሰው አይኖርም፤ እኛ ደግሞ የምናርሰው መሬት አልነበረንም። በዚያው ሰሞን የደብራችን አስተዳዳሪ መምሬ ተክሌ መጥተው ለኅዳር ጽዮን የሚነጠፍ ምንጣፍ አዘዙት። «ካልደረሰልህ ከገበያ ፕላስቲኩን እንገዛለን፤ እሱም አበባ አለው» አሉት። አባቴ እሺ አለ።

መምሬ እንደወጡ እናቴ፣ «ዓይንህ ቢሄድም አፍህ አልሄደም» አለችው።

«ጌጤ ታይልኛለች» አለ፣ እኔን በእጁ እየፈለገ።

መስከረም ጠብቶ ድሩ ተወጠረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኑ ተቀምጬ የፈትሉን ድቡልቡል በተራ እጁ ላይ አኖርለት ነበር፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ። እሱ እያንዳንዱን በአራት አራት ድር ቆጥሮ ያስገባል። ከወርዱ መኻል ስንደርስ እንዴት እንደምቀጥል ጠየቅሁት።

«እንደ ማኅሌት ነው» አለኝ። «ቀኙ ያለውን ግራው ይደግማል።»

ማኅሌት ብዙ ሰምቼ ነበርና፣ በግራ የቆሙት ካህናት የቀኞቹን ቃል ከመጀመሪያው አንስተው እንደሚደግሙ ስለማውቅ፣ እንደገና ከጥቁር ጀመርኩ። አባቴ ያሰበው ግን ካህናቱ ፊት ለፊት መቆማቸውን ነበር፤ ከመኻል ወደ ኋላ፣ ቡኒ፣ ነጭ፣ ጥቁር እያልኩ መመለስ ነበረብኝ። እናቴ አራስ እኅቷን ልትረዳ ቀየት ወደሚባለው አገር ሄዳ ስለነበር ያየን አልነበረም። ጥቅምት ሲጋመስ ተመልሳ ገባች፣ ነጠላዋን ሳታወርድ ምንጣፉ ፊት ቆመች።

«እናንተ ሰዎች፣ ምን ጠጥታችሁ ነው?»

ቀኙ ከግራው እንደማይገጥም ስትነግረው አባቴ እጁን ከድሩ ላይ አነሳና ጉልበቱ ላይ አኖረው። እኔ አለቀስኩ። እናቴ «ፍታው» አለች።

«ብፈታው ለጽዮን አይደርስም። ባይደርስ መምሬ ለምን ብለው ይመጣሉ። መጥተው ያዩኛል።» እጁን ወደ ድሩ መለሰ። «ስንት ክንድ ነው የተበላሸው?»

«አንድ ክንድ።»

«እንግዲያው ስህተቱን በወጉ እንሥራው። ጌጤ፣ ቀጣዩን ክንድ ከቡኒ ጀምረሽ ወደ ጥቁር አቀብይኝ። ከዚያ ደግሞ እንደ ፊቱ።»

እንዲሁ እያፈራረቅን፣ ጠዋቱንም ጨምረን፣ ውርጩ ጣታችንን እያደነዘዘው፣ አራቱን ክንድ ጨረስን። ኅዳር ሃያ፣ በዋዜማው፣ መምሬ ተክሌ በደጀ ሰላሙ ሰው ፊት ምንጣፉን መኻል ለመኻል አጠፉት። ጥቁሩ ቡኒው ላይ ወደቀ።

«ለካ ዓይኑን ታሞ ኖሯል» አለ ከኋላ አንዱ። አባቴ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤ ሌላ የሚያዞርበት አልነበረውም።

«መምሬ፣ እሱ አይታጠፍም» አልኩ፣ ከድሩ ስናወርደው ከሁለቱም ጫፍ አይቼው ነበርና። «ያዙሩት።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ራስጌው ግርጌ ይሁን፤ ያዙሩት።»

ዘርግተው አዞሩት። ያው ነበር። ሰው የሚያታልላቸው ይመስል ደግመው አዞሩት፤ ያው ነበር። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» አሉና ዲያቆኖቹን ጠርተው፣ «አንጥፉት» አሉ።

ስንመለስ አባቴ ትከሻዬን ይዞ፣ «ያምራል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም» አለ።

የዓይኑ ነገር ከዓመት በላይ አልተደበቀም። ፕላስቲኩም ገባ፤ ምንጣፋችን ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ቆመ፣ እዚያም አይጥ ጨረሰው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ መምህር ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጥለት የሚደጋገምበት መንገድ አሥራ ሰባት ብቻ እንደሆነ፣ አሥራ ስምንተኛ እንደሌለ ሰሌዳ ላይ ሲያሳየን፣ አንደኛው የአባቴ ማጠፍ፣ ሌላኛው የእኔ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። ከአሥራ ሰባቱ ሁለቱን ይዘን ነበር፤ ለአንድ ጥንድ በሬ መግዣ ግን አልበቃንም።

አሁን የምኖርበት ቤት ወለሉ ሴራሚክ ነው። አንድ ሥዕል ሳይታጠፍና ሳይዞር ተገፍቶ ተገፍቶ ግድግዳው ጋ ሲደርስ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ማንም ቆጥሮት አያውቅም፣ ለመጥረግ ግን ይመቻል። የዚያ ቤት ወለል አፈር ነበር፤ ጥለት የነበረው አመዱ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም እናቴ ጠዋት ትጠርገው ነበር።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ «ዓይኑ ቢጠፋ በልቡ ያይ ነበር» አለኝ። አያይም ነበር። አራት፣ አራት፣ አራት እያለ ይቆጥር ነበር፤ ጣቱ ይደማ ነበር፤ ልጁ አሳስታው ስህተቷን ቆጥሮ ነው ያረመው። ስለዚህ ምንጣፍ ስታዩ «ከልብ የተሠራ» አትበሉብኝ። ወይ ቁጠሩ፣ ወይ ዝም በሉ።