እየሮጥሽ አውሪ

ከሀገር የወጣ ሰው ሲያወራ «የዚያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ» ይላል። እኔ ልዋሽ አልፈልግም፤ ተኝቻለሁ። ልጄን ኢክራምን አቅፌ፣ እናቴ ለሱብሒ ሶላት እስክትቀሰቅሰኝ ድረስ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶኝ ነበር። ኢክራም ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ጅቡቲ እንደሄደ ቀርቷል። ስትነቃ ሻንጣውን አየችና «ዘሃራ፣ የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ልጄ በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ እኔ እናቴን «እማ» ስላት እየሰማች እሷም እማ አለቻት፣ እኔን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚጠራኝ ዘሃራ።

«ኮምቦልቻ ገበያ። ማታ ጫማ ገዝቼልሽ እመጣለሁ» አልኳት። በእኛ ከተማ በሐርቡ ልጅን የምንሰናበተው እንዲህ ነው፤ እውነቱን ነግሮ የሄደ አላውቅም።

ሚኒባሱ ከበራችን እንደተነሳ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ ይቺ ህፃን እየተከተለችን ነው!» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩና «ወይኔ!» አሉ። እኔ አልዞርኩም። ከዞርኩ እንደምወርድ አውቄዋለሁ። ቆይቶ፣ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ ረዳቱ «ተወችው» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

የቀረውን መንገድ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ኤጀንሲ፣ የጤና ምርመራ፣ አውሮፕላን፣ ጅዳ ሲደረስ ደግሞ ስም ጠርቶ የሚረከበንን ሰው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። እኔን የተረከበኝ አሠሪ፣ እነሱ ከፊል የሚሉት፣ ከፊቴ በፊት ፓስፖርቴን ነው ያየው። መካ ወሰደኝ፤ ዑተይቢያ የሚባል ሰፈር፣ ደረጃው የማያልቅ አሮጌ ቤት ውስጥ እግሯ እምቢ ያላትን እናቱን እንድይዝ። ሐጃ እላት ነበር። ነገረኛ ናት፤ ግን አላህ ይዘንላት፣ እወዳት ነበር።

የመጀመሪያ ሩጫዬን የሮጥኩት በሐጃ ትእዛዝ ነው። ዑምራ ልናደርግ ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ገብተን፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት በሰፋና በመርዋ መካከል እንመላለሳለን። መሃል ላይ አረንጓዴ መብራት አለ፤ እዚያ ሲደርሱ ወንዶች ይሮጣሉ፣ ሴቶች በእርምጃ ያልፋሉ። መብራቱ ጋ ስንደርስ ሐጃ «ሩጪ!» አለችኝ።

«ሐጃ፣ ሴት እኮ አትሮጥም።»

«እዚህ መጀመሪያ የሮጠው ማን ሆነና? ሃጀር ለልጇ ውሃ ፍለጋ ስትሮጥ ወንድ ነበረች? ያላ!»

ሮጥኩ። አንድ ጥበቃ እጁን ዘርግቶ «ሴትዮ፣ ቀስ በይ!» ቢል ሐጃ «እኔ እንደምታየኝ ተቀምጫለሁ፤ ወንበሩን ተናገረው» አለችው። ቤት ስንመለስ ነው ነገሩን ያጫወተችኝ። ሃጀር እዚያች ቦታ ላይ የሮጠችው ዝቅ ያለ ሸለቆ ስለነበር ነው፤ እዚያ ስትገባ ልጇ ከዓይኗ ይሰወርባት ነበር። ከፍ ያለው ላይ ስትወጣና ስታየው ደግሞ በእርምጃ ትሄዳለች። ይህን ስሰማ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐጃ ስትሞት ልጇ፣ የከፊሌ እህት፣ ጅዳ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም፣ ወደ እሷ ተዛወረ። ማዳሜ እሷ ናት። ሐርቡ ሙቀት ነው ትላላችሁ አይደል? የሐርቡ ሙቀት ጥላ ስር ሲገቡ ይተዋል፤ የጅዳው ግን ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። የተሰጣ ልብስ ላይ እንኳ ላብ ያለ ይመስላል።

በየአርቡ እደውላለሁ። «እንዴት ነሽ ኢክራሜ?» «ደህና።» «ትምህርትስ?» «ደህና።» «ምን ልላክልሽ?» «ምንም።» ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ትሰጣለች። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ያን ቃል የገባሁላትን ጫማ የላክሁላት ከዓመት በኋላ ነበር፤ በአምስት ዓመቷ እግር ልክ ገዝቼ አልገባት አለ። ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

እንግዲህ የሩጫው ነገር። የማዳም ልጅ ሬናድ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ፣ ኮርኒሽ፣ ባህሩ ዳር፣ ለሚደረግ ግማሽ ማራቶን ልትመዘገብ ፈለገች። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። ማዳም «ብቻሽንማ አይሆንም» አለች። ሬናድ ወደ እኔ ዞራ «ዘሃራ አብራኝ ትሮጣለች፤ ሀበሻ አይደለችም እንዴ?» አለችና እዚያው በስልኳ መዘገበችኝ። እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር። ሀበሻ ሁሉ ከእናቱ ማህፀን ሮጦ የወጣ ነው የሚመስላቸው። እኔ የሮጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አሮጊት እየገፋሁ።

በዚያ አርብ ለኢክራም የምላት ስለጠፋኝ፣ ለወሬ ያህል ነገርኳት። ልክ ስልኩን ለእናቴ ሰጠች ብዬ ሳስብ «ስንት ኪሎ ሜትር?» አለች።

«ሃያ አንድ።»

«ጫማሽ ምንድን ነው?»

«የሬናድ አሮጌ። በአንድ ቁጥር ይሰፋኛል።»

«ካልሲ ደርቢበት። በሳምንት ስንት ቀን ትሮጫለሽ?»

«ገና አልጀመርኩም።»

«ዘሃራ!» ብላ ጮኸችብኝ። ልጄ ተቆጣችኝ! ሰው ሲቆጡት እንዲህ ደስ ይለዋል ብዬ አላውቅም። ለካ ኢክራም ሯጭ ናት። ለካ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ጠዋት ጠዋት ሰብስቦ ያሠራቸዋል፣ ከሰባተኛ ክፍል ሴቶች የሚቀድማትም የለም። እኔ «ደህና» ስትለኝ ደህና ብዬ ተቀምጬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይንገረኝ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠልጣኜ ሆነች። ሥራዬን ጨርሼ ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ በውሃ ጋኖቹና በተሰጣው ልብስ መካከል እዞራለሁ። ዙሩን የምቆጥረው በሶላት መቁጠሪያዬ፣ በሙስበሃ ነው፤ አንድ ዙር፣ አንድ ፍሬ። «ጣትሽን አትጨብጪ» ትላለች ኢክራም ከሐርቡ። «በሶ ጠጪ፣ ቲቸር ብሏል።» በሶ ፍለጋ ኑዝላ ሰፈር ድረስ ሄጃለሁ፤ አንዲት የባቲ ሴት ከአልጋዋ ስር አወጣችልኝ። ማዳም ቀምሳው «ይሄ አፈር ነው?» አለችኝ።

ከሁሉም ግን አንድ ነገር አመጣች። «ቲቸር፣ እየሮጣችሁ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው፣ ካቃታችሁ በዝቷል ይላል። ስለዚህ እየሮጥሽ አውሪ፤ እኔ እሰማለሁ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ዝም ብቻ እንዳትይ።»

ስልኩን ሻሼ ስር፣ ጆሮዬ ላይ ሸጉጬ፣ እየሮጥኩ አወራሁ። መጀመሪያ ከብሳ የሚሉት ሩዝ እንዴት እንደሚሠራ አወራሁ። ሲያልቅብኝ ስለ ሐጃ፣ ስለ ዑተይቢያ ደረጃ፣ ስለዚያ ስለተቆጣን ጥበቃ። ኢክራም ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔ እግሬን ረስቼ ሦስት ፍሬ ዘለልኩ። በሁለት ወር ውስጥ በሰባት ዓመት ያላወራነውን አወራን። ስለዚያ ጠዋት ግን እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አለፍኩት።

ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባላል። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ሬናድ ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። ማዳም «ኻላስ፣ እሷ ካልሮጠች አንቺም ቀረሽ» አለችኝ። ዓለም ጨለመብኝ። ኢክራምን ምን ልላት ነው? ጫማ ይዤ እመጣለሁ እንዳልኳት፣ አሁን ደግሞ እሮጣለሁ ብዬ ልቀር?

«ማዳም፣ እባክሽ ልሩጥ።»

«ብቻሽን? የጎረቤታችን ሠራተኛ ቆሻሻ ልጥል ብላ ወጥታ ነው የጠፋችው። እሷ ሃያ እርምጃ ነው የሄደችው፤ አንቺ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ልሩጥ ትያለሽ!»

የውድድሩን ካርታ ከሬናድ ስልክ ላይ አሳየኋት። «እዪው ማዳም፣ የሚያልቀው ከተነሳበት ቦታ ነው።»

መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ታዲያ እዚያው የሚመልስ ከሆነ ለምን ትሮጫለሽ?»

አረብኛዬ አነሰኝ። «ልጄ ስለምታወራኝ ነው» አልኳት። ማዳምም እናት ናት፤ መነጽሯን አወለቀችና «ቁጥርሽን ከተቀበልሽ በኋላ ኢቃማሽን እኔ ጋ ታስቀምጫለሽ። ሹፌሩ መጨረሻው ላይ ይጠብቅሻል። የምሳው ስጋ ግን ማታውኑ ይዘጋጅ» አለችኝ። እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ቁጥሬን ልቀበል ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት ኢቃማዬን አይቶ ብድግ አለ። «ሀበሻ! ማሻአላህ! በስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ?»

«ወንድሜ፣ መጨረሴንም የሚያውቀው አላህ ነው።»

ትህትና መሰለው። ስቆ ቀይ ምልክት ያለው ቁጥር ሰጠኝ። ምንድን ነው ስለው «ከፊት ነው የምትነሺው፣ ከፈጣኖቹ ጋር» አለኝ።

«እኔ እኮ የቤት ሠራተኛ ነኝ!»

«ትልልቆቹም ሲጀምሩ እንዲያ ነበሩ» አለና ስልኩን አውጥቶ አብሮኝ ፎቶ ተነሳ። ከኋላዬ የቆሙት «ማሻአላህ» እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። እኔ ቀዩን ቁጥር በአባያዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ይሄው ዛሬ አርብ ነው፤ ውድድሩ ነገ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሩዙ አረረብኝ። ጫማውን ሦስት ጊዜ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በሙስበሃዬ ቆጥሬ አስራ ስድስት ኪሎ ሜትር ደርሻለሁ፤ የቀረውን አምስት እግሬ አያውቀውም። ከሁሉ የባሰው ግን ይሄ ነው፤ ሩጫው ሲያልቅ ወሬያችንም አብሮ ቢያልቅስ? ባልጨርስና ኢክራም ወደዚያ ወደ «ደህና» ብትመለስብኝስ?

መግሪብ ሰግጄ ደወልኩላት። ስለ ቀዩ ቁጥር ነገርኳት።

«ጠርዝ ያዢ» አለች። «ሁሉም ይለፉሽ። አትናደጂ።»

«የደከመውን የሚለቅም አውቶቡስም ከኋላ ይመጣል አሉ፤ እሱ ከደረሰብኝ…»

«መኪና ውስጥ አትግቢ።»

«ኢክራሜ፣ ካቃተኝ ግን…»

«በእግርሽ ሂጂ እንጂ አትግቢ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ያን ቀን እኔ ሮጬ ነበር አይደል?» አለችኝ።

የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኳትም። «አዎ» አልኳት።

«የት ድረስ?»

«አላውቅም ልጄ። አልዞርኩም። ብዞር እወርድ ነበር።»

ትተነፍሳለች፣ ይሰማኛል። ትዘጋዋለች ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ወፍጮ ቤቱን ማለፌ ትዝ ይለኛል» አለች። «ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እማን ልጠይቃት። ነገ ትምህርት የለም፤ ቲቸር የሚለካበት ገመድ አለው፤ ከበራችን ጀምሬ እለካዋለሁ። አንቺ ስትጨርሺ ደውይና ያንቺን ንገሪኝ፣ እኔም የእኔን እነግርሻለሁ።» ስልኩን ለእናቴ ሳትሰጥ ዘጋችው።

አሁን ጫማው በሩ ስር ነው፣ ሁለቱ ካልሲ ውስጡ አለ፣ ስጋውም ተዘፍዝፏል። የእኔ ሃያ አንድ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ቢገድለኝም አውቀዋለሁ። የእሷን ግን አላውቀውም። አንዴ ረጅም ሆኖ ቢገኝስ ብዬ እፈራለሁ፤ አንዴ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አጭር ሆኖ ቢገኝስ ብዬ እፈራለሁ።