በሞቴ አሳርፊን

ጉለሌ ላደገ ሰው ስለ ጉም መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ክረምት ሲገባ እንጦጦ ከጠዋቱ ይጠፋል፤ ከሸጎሌ የሚነሱት ሚኒባሶች መብራት አብርተው ይወርዳሉ፤ እናቴ ደግሞ መጋረጃውን ገልጣ «ዛሬ እንዳትሄጂ» ትለኛለች። የእንጦጦ ጉም እኔ ከማርፍበት ከተማ ጋር ዝምድና እንደሌለው ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «ጉም ጉም ነው» ትላለች። አውሮፕላን አብራሪዋ እኔ ብሆንም በቤታችን የአየር ጠባይ ባለሙያዋ እሷ ናት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉም ሌላ ቦታ ነው ያለው። ደቡብ ምዕራብ ውስጥ በኮረብታ የተከበበች ከተማ አለች፤ አውሮፕላን ማረፊያዋ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሌሊት ዘንቦ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ፣ ሲነጋ ሸለቆው እርጎ የሞላበት ሳህን ይመስላል። ፀሐይዋ በርታ እስክትል አይነሳም። አስፋልቱን ሳናይ መውረድ የሚፈቀድልን እስከ አንድ ከፍታ ብቻ ነው፤ እዚያ ደርሰን ካልታየን ሽቅብ እንነሳለን። ክርክር የለውም።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከአገሩ ሴት ሁሉ መርጦ የዚያችን ከተማ ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ሊላክ በተቀጠረበት ቀን በረራው በጉም ተሰረዘ። የልጅቷ አባት ቀጥ ያሉ ሰው ናቸውና «ሽማግሌ ቀጥሮ መቅረት ንቀት ነው» ብለው አኮረፉ። በስንት ልመና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጡን። የዚያን ቀን በረራ የደረሰው ለእኔ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያናችን፣ አንዱ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደጉን አጎቴ ናቸው፤ ተናግረውኝ እምቢ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሜ ስቀበላቸው አጎቴ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ እንዳትመልሺን።»

«ጋሼ፣ አየሩ ከፈቀደ...»

«አየሩን ተዪው። በሞቴ አሳርፊን!»

እኛ ዘንድ ሰው «በሞቴ» ካለ ነገሩ አለቀ። ጠግበንም እንጎርሳለን፤ ተኳርፈንም እንታረቃለን። ለአብራሪ እንደማይባል የነገራቸው ግን የለም። እንደ ምንም ፈገግ ብዬ «ቀበቶዎን ይታጠቁ» አልኳቸውና ወደ መቀመጫዬ ገባሁ።

ስንነሳ የደረሰን ዘገባ ጉሙ እየሳሳ መሆኑን ይገልጽ ነበር። እውነትም ስንደርስ የኮረብታዎቹ አናት ወጥቷል፤ የሸለቆው ጉም እዚህም እዚያም ተበጣጥሷል። ጥቂት ዞረን ከጠበቅን በኋላ መውረድ ጀመርን። ረዳት አብራሪው ከፍታውን እየጠራ ወደ ውጭ ያያል፤ የእኔ ዓይን መሣሪያዎቹ ላይ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስንደርስ «ምንም አይታይም» አለኝ።

ቀና ስል ጉሙ በግራ በኩል ተሰንጥቆ ቆርቆሮ ጣራና የመንገድ ጠርዝ አሳየኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በማረፊያው አጥር ሥር የሚያልፈው ነው። ትንሽ ብቻ ዝቅ ብል አስፋልቱን የማገኘው መሰለኝ። የአጎቴ ልመና ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ለአፍታ ራሴን ፈራሁት።

«እንነሳ!» አልኩና ኃይል ጨመርኩ።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወጣ፤ ነጩ ሳሳ፤ ፀሐይ ላይ ደረስን። ያኔ ነው የተነፈስኩት። ወንድሜን ያለ ሚስት አስቀርቼ፣ አጎቴን አስቀይሜ፣ እንዴት እንደቀለለኝ! ከላይ ሆነን ደግመን ጠበቅን። ጉሙ ጭራሽ ገጥሞ ቀረ። ነዳጁ ለመመለሻና ለመጠባበቂያ ብቻ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ዞርኩ።

ሲወርዱ ሁለቱ ሽማግሌዎች «ጌታ ይመስገን» ብለው ጨበጡኝ። አጎቴ ጫማቸውን እያዩ አለፉኝ።

ከሰዓት በኋላ ጉለሌ ስደርስ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። ወንድሜ ፊቱን ጥሎ ጥግ ይዟል፤ እናቴ ስለ ጉም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አጎቴ ወደ ልጅቷ አባት ደጋግመው ቢደውሉም ስልካቸው አይነሳም። ተስፋ ቆርጠው ሊነሱ ሲሉ ሰውየው ራሳቸው ደወሉ። የአጎቴ ጆሮ ደከም ስላለ ስልካቸው ሁልጊዜ ለቤቱ ሁሉ ነው የሚሰማው።

«አዲስ አበባ ነን» አሉ አጎቴ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ዛሬም በደልንዎት፤ ይቅርታ...»

«የምን ይቅርታ! ልቀበላችሁ መጥቼ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር እኮ! የገዛ እጄ አይታየኝም። ድምፁ ከላዬ መጣ፤ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ‹ጌታ ሆይ፣ መልሳቸው› ብዬ ጮህኩ። ሽቅብ ሲሄድ ስሰማ... በቃ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እስካሁንም ስልክ የማነሳበት ጉልበት አልነበረኝም።» ቀጥለውም «ቀን አልቆርጥባችሁም፤ ሰማዩ ሲጠራ ኑ» አሉ። «ለመሆኑ ማን ነበር ያበረረው?»

ወንድሜ ተነስቶ ቆሟል። አጎቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄ ናት» አሉ። «ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ። ይኸው ሁላችንም አለን።»